ስምንት ቁጥሩ ይደርሳል

ባለፈው ሳምንት ዳንፎርዝ መንገድ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ አንድ ረጅም ቀጭን ውሻ መጥቶ እግሬ ላይ ተደገፈ። አላሸተተኝም፣ ጭራውንም አልቆላም። ዝም ብሎ ጎኑን ጭኔ ላይ ጥሎ፣ ክብደቱን ሁሉ ሰጥቶኝ፣ መንገዱን ማየት ጀመረ። የክረምት ካፖርት ለብሷል። ባለቤቱ ወጣት ልጅ ናት፤ ጆሮዋ ላይ የሰካችውን ነቅላ “ይቅርታ፣ አመሉ ነው፤ ሰው ይደገፋል” አለችኝ። “አውቃለሁ” አልኳት። አውቶቡሱ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ሹፌሩ አየኝ። እኔ ግን አልተንቀሳቀስኩም። እንዲህ ያለ ውሻ ሲደገፍህ ጥሎ መሄድ ነውር ይመስላል። አውቶቡሱ ሄደ፤ እኔም ቆሜ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄድኩ።

ያኔ ቶሮንቶ ለእኔ አዲስ ነበረች። ደሴ ሒሳብ ሳስተምር ቆይቼ፣ የጠመኔው ብናኝ ከኮቴ እጅጌ በቅጡ ሳይራገፍ ነው የመጣሁት። በሥራ ቀን ኢቶቢኮ፣ አውሮፕላኖች ጣሪያውን ሊነኩት እየደረሱ በሚያልፉበት መጋዘን ካርቶን እደረድራለሁ። ቅዳሜ ጠዋት እዚሁ ለተወለዱ ልጆች ፊደል አስተምራለሁ። የምኖረው ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ ከሸለቆው በላይ ከተገተሩት ሕንፃዎች በአንዱ፣ አስራ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ጋሼ ውብሸትና እትዬ ዘነበች ቤት አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። ጋሼ ውብሸት በወጣትነታቸው ለክፍለ ሀገራቸው አስር ሺህ ሜትር ሮጠዋል። እኔ ሳውቃቸው መሀል ከተማ በአንድ የመኪና ማቆሚያ መግቢያ ላይ፣ መስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጠው ትኬት ይቆርጡ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ሆቴል ውስጥ አንሶላ ያጥፋሉ፤ ቤታቸውም የሚታጠፈው እንደ አንሶላ፣ ጥግ ከጥግ ተገጥሞ ነው።

ያን ዘመን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ኪሴ ነው። እጄን ስከት ከጥፍር የማትበልጥ የባቡር መሳፈሪያ ቶክን አለች፤ ሁሌ ከሳንቲም ጋር ትምታታብኛለች። የተጨማደደ የአውቶቡስ መቀየሪያ ወረቀት አለ። በጥፍሬ ፍቄ ቁጥሩን ያወጣሁባት የአምስት ብር የስልክ ካርድ አለች፤ “ሃሎ፣ ይሰማል?” እየተባባልን ግማሹ የሚያልቅ። (ዶላሩን ብር ነበር የምንለው፤ ዛሬም እንደዚያው ነን።) ሞባይል ያለው ሰው ቀበቶው ላይ ሰክቶ ይታያል። ከመሸ በኋላ መደወል ነፃ ስለነበር ሰው ወሬውን ቀኑን ሙሉ አጠራቅሞ ማታ ነው የሚያፈሰው። ወንዱ ሁሉ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጥቁር የቆዳ ጃኬት ነበረው፤ ሁላችንም ከዚያው ከአንዱ ሱቅ፣ በዚያው በአንዱ ቅናሽ ነበር የገዛነው። ዳንፎርዝ ላይ በየበሩ የሚሰማው ዘፈንም አንድ ዓይነት ነበር። አንዱ ምግብ ቤት የጀመረውን ግጥም ሁለት ደጃፍ አልፈህ ትጨርሰዋለህ።

ከባቡር ጣቢያው ወጥተህ ወደ ፀሐይ መውጫ ስትሄድ፣ ከዓሣ ሻጩ ቀጥሎ፣ ሰብለ የምትባል ሴት ሻይ ቤት ነበራት። ዛሬ እዚያ ጥፍር ይሠራል። ሰብለ ጣሪያ ላይ ትልቅ ዲሽ አስተክላ ነበር፤ ሐሳቧ የአገር ቤት ጣቢያ ለመያዝ ነው። ዲሹ የአገር ቤቱን ትቶ ከሰዓት በኋላ ጥርት አድርጎ የሚያመጣው አንድ ጣቢያ ብቻ ሆነ፤ እሱም ከፍሎሪዳ የውሻ ሩጫ የሚያሳይ። “ይዘጋ?” ስትል “እስቲ ቆይ” አልናት። በዚህ ዓይነት ሁለት ዓመት ቆየን።

የውሻ ሩጫ ለማያውቅ ላስረዳ። ስምንት ውሾች በስምንት ሳጥን ይገባሉ። እያንዳንዱ እንደ ቁጥሩ ቀለም ያለው ሰደርያ ይለብሳል፦ አንድ ቁጥር ቀይ፣ ሁለት ሰማያዊ፣ እያለ ይሄድና ስምንት ቁጥር ጥቁርና ቢጫ መስመር ያለበት። የውሸት ጥንቸል በሐዲድ ላይ እየተጎተተች ታልፋለች፤ ሳጥኑ ይከፈታል፤ ሠላሳ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ሁሉም ነገር ያልቃል። ሻይህ ውስጥ ስኳር ጨምረህ ማንኪያውን ሳታወጣ ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ማንኪያውን ይዤ ቀረሁ። ዘመኔን ሁሉ ውሻ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። ውሾቹ የሚሮጡ አይመስሉም፣ መሬቱ ከሥራቸው እየተሳበ የሚወሰድ ነው የሚመስለው። ጀርባቸው ይታጠፍና ይላቀቃል፤ አራቱም እግር ከአፈሩ የሚለይበት ቅጽበት አለ፤ በዚያ ቅጽበት ውሻው የማንም አይደለም። ሰብለ ስታየኝ “መምህር፣ ሻይህ ቀዘቀዘ” አለችኝ። ቀዝቅዞ ነበር።

ውርርዱ በሻይ ነበር። ሁሉም አንድ ውሻ ይመርጣል፤ የመረጠው ከሁሉ ኋላ የገባበት ሰው የጠረጴዛውን ሻይ ይከፍላል። ብዙም ሳልቆይ አንድ ነገር አስተዋልኩ፦ የእኛ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ውሻ ነው የሚመርጠው። ሲጀምር ወደ ኋላ የሚቀር፣ መሀል ላይ የሚታገስ፣ መጨረሻ ላይ የሚመጣ። ምክንያቱ ወዲያው ገባኝ፤ እኔም ያደግሁት እዚያው ነዋ። ሬዲዮ ከበን አስር ሺህ ሜትር እያዳመጥን ነው ያደግነው። ሃያ አምስት ዙር። የሚመራው የውጭ ሰው ነው፤ የእኛው ከኋላ ነው፤ ጋዜጠኛው “አሁንም አምስተኛ ነው፣ አትሥጉ” ይላል፤ ደወሉ ይደወላል፤ ከዚያ ቤቱ ይናጋል። ለእኛ ቀድሞ የሚመራ ሯጭ ማለት ሊሸነፍ የተዘጋጀ ሰው ነው። ችግሩ፣ ውሻው ሃያ አምስት ዙር የለውም። አንድ ዙር እንኳ ሙሉ የለውም።

“ጋሼ፣ እዚህ ሩጫ ላይ የሚታገስ ውሻ የሚታገሰው እስከ ሽንፈቱ ነው” አልኳቸው አንድ ቀን።

“አንተ ሩጫን በጠመኔ ነው የምታውቀው” አሉኝ። “ከኋላ የሚመጣ ሰው የሁሉንም ጀርባ አይቷል። ማን እንደደከመ ያውቃል።”

“ውሻው ይህን ሁሉ ሲያስብ ሩጫው አልቋል።”

“ይከፍላሉ ጋሼ፣ ይከፍላሉ” አለች ሰብለ ብርጭቆ እየሰበሰበች። ከፈሉ። በማግስቱም ሌላ ኋላ ቀር መረጡ።

እኔ ደግሞ አስተማሪ ነኝ፤ ሲሳሳቱ እያየሁ ዝም ማለት አልችልም። ከቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር የየቀኑን ፕሮግራም አትሜ እያመጣሁ ማስረዳት ያዝኩ። የሚያልቅበትን አትዩ፣ የሚጀምርበትን እዩ፤ ከሳጥን ማን ቶሎ ይወጣል? የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ቀድሞ ንጹሕ መንገድ ያገኘ ውሻ ግማሹን ሥራ ጨርሷል። ከዚያ እያንዳንዱ የት መሮጥ እንደሚወድ እዩ፤ አንዱ አጥሩን ተጠግቶ፣ ሌላው መሀል ለመሀል፣ ሌላው ወደ ውጭ ወጥቶ። ወደ ውጭ መውጣት የሚወድ ፈጣን ውሻ አንደኛው ሳጥን ከደረሰው ለጎረቤቶቹ ሁሉ ጣጣ ነው፤ ስለዚህ የምትወዱትን ውሻ ብቻ ሳይሆን አጠገቡ የቆመውንም አጥኑ። ውሾቹም እንደ ተማሪ ክፍል አላቸው፤ ያሸነፈ ይዛወራል፣ የተሸነፈ ይወርዳል። ከስድስተኛ ክፍል ወደ አራተኛ የወረደ ልጅ አንደኛ ቢወጣ አይገርምም። ክብደቱ ከወትሮው ከራቀ አንድ ነገር አለ በሉ። አምስተኛ የወጣ ሁሉ ደግሞ እኩል አይደለም፤ ተገፍቶ አምስተኛ የወጣ አለ፣ ማንም ሳይነካው አምስተኛ የወጣ አለ። ዋናውን ትምህርት ግን ማንም አልተማረልኝም፦ ያልገባህን ሩጫ ተወው፣ አትምረጥ። ጋሼ ውብሸት አንዲት ሩጫ ትተው አያውቁም። “ሰው ሲሮጥ እያየሁ ማንም ይቅደም ልል ነው?” ይሉ ነበር፤ ውሻውን ሰው ማለታቸውን ሳያውቁት።

አንድ ቡናማና ጥቁር ዝንጉርጉር ውሻ ነበር። መጀመሪያ ያየነው ዕለት ስምንት ቁጥር ደርሶት ነበርና፣ ኋላ ሌላ ቁጥር ቢደርሰውም ለእኛ ስምንት ቁጥሩ ሆኖ ቀረ። ከሳጥን ሲወጣ የተጠራ እንጂ የተለቀቀ አይመስልም። ሰባቱ ኩርባው ላይ ሲጠማዘዙ እሱ ብቻውን ከኋላቸው ሰፊውን መንገድ ይዞ ይመጣል። የመጨረሻው ቀጥታ ላይ ግን አንድ ነገር ይሆናል። ስለዚህ ነገር ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ፣ አሁንም አልገባኝም። ሌሎቹ ሲያጥሩ እሱ ይረዝማል። ሦስተኛ ይወጣል፣ አራተኛ ይወጣል፣ አንዳንዴ ሁለተኛ። ጋሼ ውብሸት ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ ድምፃቸውን ሳያሰሙ፣ ከንፈራቸው ብቻ “ይደርሳል… ይደርሳል” ይላል። ሰብለ “ጋሼ፣ ይሄ የሚደርሰው ለነገው ሩጫ ነው” ትላቸዋለች። ስሙም ይደርሳል ሆኖ ቀረ። በፕሮግራሙ ላይ ሌላ የእንግሊዝኛ ስም ነበረው፤ ያን ስም የሚያውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

እንዲህ ሳለን በእኛው ፎቅ የምትኖር ማርጋሬት የምትባል ጡረታ የወጣች ነርስ ሊፍት ውስጥ ውሻ ይዛ ጋሼን ታጋጥማቸው ጀመር። ውሻዋ ያው ዘሩ ነው፤ ከሩጫ የወጣ፣ አፈሙዙ የሸበተ። ጋሼ ለረጅም ጊዜ ከሊፍቱ ማዶ ጥግ ሆነው ብቻ ነበር የሚያዩት። ከዚያ አንድ ቀን እጃቸውን ጭንቅላቱ ላይ አሳረፉ፤ ውሻውም ተደገፋቸው። ማርጋሬት መሮጥ ያቆሙ ውሾችን ከፍሎሪዳ እያስመጡ ቤት ከሚፈልጉላቸው ሰዎች ጋር ትሠራ ነበር። ጋሼ የይደርሳልን ትክክለኛ ስም በእኔ አስጽፈው ሰጧት። ከጥቂት ቀናት በኋላ መልስ ይዛ በራችንን አንኳኳች፦ ውሻው ውጤቱ እየወረደ ስለሄደ ሊያሰናብቱት ነው፤ ቅዳሜ አንድ ሩጫ ይቀረዋል፤ የሚወስደው ሰው ካለ ከዚያ በፊት ስሙን ያስመዝግብ። ከሌለ ሌላ ሰው ይገኝለት እንደሆነ አላውቅም አለች። ከዚያ በላይ አላለችም፤ ጋሼም ከዚያ በላይ አልጠየቁም።

እትዬ ዘነበች ማርጋሬትን በፈገግታ ሸኝተው በሩን ዘጉ።

“ውሻ የሚውለው በር ላይ ነው” አሉ። “እኛ በር የለንም። አስራ አራተኛ ፎቅ ነን።”

“ሊፍት አለ እኮ” አሉ ጋሼ።

“አባ ጠበል ሊረጩ ሲመጡ ምን ልበላቸው? ለውሻውም ይድረሰው ልበል?”

ይህ ቀልድ አልነበረም። የንስሐ አባታቸው በየጊዜው እየመጡ ቤቱን ይባርካሉ፤ ያ ቀን ለእትዬ ዘነበች ትልቅ ቀን ነው። ውሻ ውስጥ የሚተኛበት ቤት ለሳቸው ቤት አይደለም። እናታቸውም እንደዚያ ነበሩ፤ በዚህ ሕንፃ ውስጥ ብዙ ነገር ቢለወጥባቸውም ይህን አንዱን አልለወጡም። ጋሼ ይህን ያውቃሉና አልተከራከሩም። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

“ዘነቡ” አሉ ቆይተው፣ “እዚያ መስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጬ ሁለት ክረምት ከሱ ጋር ሮጫለሁ።”

እትዬ ዘነበች መጥተው ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ። ባላቸው እንዲህ ያለ ነገር የሚናገሩ ሰው አልነበሩም።

“ካሸነፈ ይምጣ” አሉ በመጨረሻ። “አሸንፎ የመጣ እንግዳ አልመልስም። ካላሸነፈ ግን ስሙ እዚህ ቤት አይነሣ።”

“እሺ” አሉ ጋሼ። ወዲያው ወደ እኔ ዞሩ። “አንተ መምህር፣ ወረቀትህን አምጣ። ለሻይ አይደለም። እውነቱን ንገረኝ።”

እንዲያ ያለ ፈተና ተፈትኜ አላውቅም። ፕሮግራሙን ዘርግቼ ለረጅም ጊዜ አነበብኩ። ከዚያ ለማስረዳት የእትዬ ዘነበችን ጓዳ ጠረጴዛው ላይ አወጣሁት። በርበሬው ቀዩ አንድ ቁጥር ሆነ። ሰማያዊ ክዳን ያለው የጋሼ የደም ግፊት መድኃኒት ሁለት። ጨው ሦስት፣ አንድ ቃሪያ አራት፣ ጥቁር አዝሙድ አምስት፣ እርድ ስድስት፣ ነጭና አረንጓዴ የሆነው ባሮ ሽንኩርት ሰባት። በዚህ ሩጫ እንደ ዕድል ሆኖ እንደገና ስምንት ቁጥር ደርሶት ነበርና፣ ለሱ ከጋሼ ሬዲዮ ጥቁርና ቢጫ ባትሪ ድንጋይ አወጣሁ። እትዬ ዘነበች ጀርባቸውን ሰጥተውን ሳህን ያጥባሉ።

“በርበሬው ፈጣን ነው፣ አጥሩን ይዞ ነው የሚሮጠው። አንደኛ ሳጥን ላይ ነው፤ ለሱ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ጨውም ፈጣን ነው፣ ግን ወደ ውጭ መውጣት ይወዳል። ቃሪያውም ፈጣን ነው፣ እሱ ደግሞ ወደ ውስጥ መግባት ይወዳል። ጎን ለጎን ናቸው። ስለዚህ ኩርባው ላይ” ጨውንና ቃሪያውን አጋጨኋቸው “ይጋጫሉ። አዝሙዱና እርዱ ከኋላ ናቸው፤ እዚያው ይደናቀፋሉ። መድኃኒቱና ሽንኩርቱ ፍጥነት የላቸውም።”

“ይደርሳልስ?”

“ዘግይቶ ስለሚወጣና ሰፊውን ስለሚይዝ ግጭቱን በውጭ በኩል ያልፈዋል። ማንም አይነካውም። ከዚያ የሚቀረው በርበሬው ብቻ ነው።”

ጋሼ ባትሪ ድንጋዩን በጣታቸው ነኩት። “ታዲያ ይደርስበታል።”

“ሩጫው አጭሩ ርቀት ነው ጋሼ። በረጅሙ ቢሆን አዎ እል ነበር። እዚህ ግን መሬቱ አይበቃውም። ሁለተኛ ይወጣል።”

“ሁለተኛ።”

“በትንሽ።”

ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “እንግዲያው ለሷ አትንገራት።”

“ሰምቻለሁ” አሉ እትዬ ዘነበች ሳይዞሩ። “እርዴን ቦታው መልስልኝ።”

ቅዳሜ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ሰብለ ቤት ስገባ ጋሼ የእሑድ ሱፋቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ማንም የሻይ ውርርድ አላነሣም። ነገሩን ሁሉም ሰምቷል። ውሾቹ ወደ ሳጥኑ ሲነዱ በሩ ተከፈተና እትዬ ዘነበች የአስቤዛ ከረጢታቸውን እንደያዙ ገቡ። እዚያ ቤት ረግጠው አያውቁም ነበር። ሰብለ ሮጣ ወንበር አመጣች።

“ለሠላሳ ሰከንድ አልቀመጥም” አሏት።

ሳጥኑ ተከፈተ። ይደርሳል እንደ ልማዱ የመጨረሻው ሆኖ ወጣ። ቀዩ አጥሩን ይዞ ነጎደ፤ ነጩና አረንጓዴው ትከሻ ለትከሻ ሆነው ወደ ኩርባው ገቡ። ከኋላዬ የእትዬ ዘነበች ድምፅ “ጨውና ቃሪያው” አለ። ተጋጩ። ጨው ወደ ውጭ ተወረወረ፣ ጥቁሩ በላዩ ሄደበት፣ “አዝሙዱ! እርዱም ሄደ” አሉ። አፈርና እግር ሆነ። ከዚያ አፈር ውጭ፣ ማንም በማይሄድበት ሰፊ መንገድ፣ ጥቁርና ቢጫው ብቻውን መጣ። ጠረጴዛው ላይ የተናገርኩት የራሴ ትምህርት ስክሪኑ ላይ እየተፈጸመ ነው፣ እኔ ግን እንደ ሰው ሁሉ አፌን ከፍቼ ነው የማየው። በርበሬው በጣም ርቋል። የመጨረሻው ቀጥታ ተጀመረ፤ ያ ነገር ሆነ፤ ረዘመ። በእያንዳንዱ እመርታ ከርቀቱ ላይ ቁራጭ እየተቆረሰ ይወድቃል። ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሥተው ቆሙ። ሁለቱ ውሾች መስመሩን አንድ ላይ ያለፉ መሰለን።

ፎቶ ይታይ ተባለ። ፎቶው እስኪመጣ የሻይ ማፍያው ብቻ ይንተከተካል። ከዚያ ቁጥሩ ወጣ፦ አንድ። ሁለተኛ፣ ስምንት።

በሕይወቴ ሩጫ ገምቼ ሙሉ በሙሉ የሠመረልኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ደስታ አልነበረውም። ጋሼ ባርኔጣቸውን አንሥተው አራገፉ። “በቃ” አሉ። “ስሙ አይነሣም።”

እትዬ ዘነበች ግን ከስክሪኑ አልዞሩም። ሩጫውን እንደገና እያሳዩት ነበር። መስመሩን ካለፉ በኋላም ካሜራው ትንሽ ይከተላቸዋል፤ ውሾቹ መስመር መኖሩን አያውቁም፣ ጥንቸሏ እስክትጠፋ ይሮጣሉ።

“አልፎታል” አሉ።

“ከመስመሩ በኋላ ነው እኮ እትዬ” አልኳቸው፣ ላስረዳ። “አይቆጠርም።”

“መስመሩን እዚያ ላይ ያሰመረው ማን ነው?”

ፕሮግራሙን ከኪሴ አውጥቼ ገለጥኩ። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ርቀቱን አነበብኩላቸው።

“አንተው አይደለህ መሬቱ አይበቃውም ያልከው?” አሉኝ። “ታዲያ የውሻው ጥፋት ምኑ ላይ ነው?” ከረጢታቸውን አነሡ። “በረንዳ ላይ ነው የሚተኛው። ውስጥ አይገባም። አባ ሲመጡ ደግሞ ይዘኸው ትወርዳለህ፣ ውብሸት።”

“የፍሎሪዳ ውሻ በካናዳ በረንዳ?” አለች ሰብለ።

“ጋቢ ይለብሳላ” አሉ እትዬ ዘነበች፣ ወጡ።

በረዶው ሲቀልጥ መጣ። ውሾቹን የያዘው መኪና የሚያራግፈው ኢቶቢኮ ከምሠራበት መጋዘን ብዙም በማይርቅ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ነበርና፣ የሥራ ባልደረባዬን መኪና ለምኜ ከጋሼና ከማርጋሬት ጋር ሄድን። ከስክሪን የወጣ ነገር በእጅ መንካት እንዴት እንደሚያደናግር የሚያውቅ ያውቃል። ካሰብኩት በላይ ትልቅ ነበር። ደረቱ ላይ እጄን ሳደርግ ልቡ በመዳፌ ውስጥ ሲመታ ተሰማኝ፤ ዝግ ብሎ፣ ትልቅ ሆኖ፣ በሌላ ቤት እንደሚንኳኳ በር። እንዲህ ያለውን ፍጥነት የሚነዳው ይህ ዝግተኛ ነገር ነው ብዬ እጄን ማንሣት አቃተኝ። የማያውቀው ነገር ብዛቱ ደግሞ! ደረጃ አይቶ አያውቅም። መስታወት አያውቅም፤ የሕንፃችን በር ጋር በአፍንጫው ተጋጨ። ሊፍቱ ሲነሣ አራት እግሩን አንፈራጥጦ ጋሼ ላይ ተደገፈ፣ ጋሼም ግድግዳው ላይ። እስከ አስራ አራት እንደዚያው ሆነው ወጡ።

በረንዳ ላይ አንድ ሌሊት አደረ። በማግስቱ እትዬ ዘነበች፣ ብርድ ስለሆነ እስከ ሰኞ ብቻ፣ ኮሪደሩ ላይ ይሁን አሉ። ከሰኞ በኋላ ስለ በረንዳው የተናገረ የለም። ያ ዘር ቁጢጥ ብሎ መቀመጥ አይወድም፤ ወይ ይተኛል ወይ ይቆማል። እትዬ ዘነበች እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በሩ ጋር ቆሞ ሲጠብቃቸው አይተው “ይሄስ ቅዳሴ መቆም ይችላል” አሉ። ከሳቸው ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። አባ ጠበል ሊረጩ ሲመጡ ግን ቃላቸውን አላጠፉም። ቤቱን ከጥግ እስከ ጥግ አጥበው ይጠብቃሉ፣ ጋሼና ይደርሳል አስቀድመው ይወርዳሉ። ጋሼ ከዚያ በኋላ በገዛ ቤታቸው ጠበል አልተረጩም፤ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነው የሚረጩት። ከመስኮት ቁልቁል ሳይ ሁለቱ መኪናዎቹ መሀል ተደጋግፈው ቆመው ይታዩኝ ነበር።

አሁን ጋሼም ውሻውም የሉም። እትዬ ዘነበች እዚያው ፎቅ ላይ ናቸው፤ ስሄድ ዛሬም “መምህር” ይሉኛል፣ እርዱ ዛሬም ቦታው ነው። ከሁሉ ይልቅ የማልረሳው ግን ይደርሳል በመጣ በመጀመሪያው ሳምንት የነበረውን እሑድ ነው። ከሕንፃዎቹ በታች፣ ልጆች ቤዝቦል የሚጫወቱበት ዙሪያውን የታጠረ ሜዳ አለ። ማርጋሬት፣ ገመዱን መፍታት የምትችሉት እዚህ ብቻ ነው ብላ አሳየችን። እትዬ ዘነበች ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን በካፖርታቸው ላይ እንዳደረጉ መጥተው መግቢያው ጋር ቆሙ። ጋሼ ሜዳው መሀል ገብተው ገመዱን ፈቱ።

ይደርሳል አልሮጠም። ቆመ። ሳጥን የለም፣ ጥንቸል የለም፣ ጎረቤት የለም። ጆሮዎቹን አቁሞ ዙሪያውን አየ። ምናልባት ያለ ጥንቸል መሮጥ አያውቅም ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ዘግይቶ፣ እንደ ልማዱ የተጠራ መስሎ፣ ጀመረ። አጥሩን ተከትሎ አንድ ጊዜ ዞረ። ስክሪን ላይ ድምፅ አልነበረውም፤ እዚህ ግን ሲያልፈኝ እርጥቡ መሬት እንደ ከበሮ ከጫማዬ ሥር መታኝ፣ ነፋሱ ፊቴን መታኝ፣ የተቆረሰ ሣር ሱሪዬ ላይ ወደቀ። ሁለተኛውን ዞረ። አሁን ረዝሟል። እዚያ ሻይ ቤት መስመሩ ከሚቆርጠው ቦታ በላይ ምን እንደሚሆን አይተን አናውቅም ነበር፤ አሁን አየን። ማንንም አይቀድምም፣ ማንም አይቀድመውም፤ ሜዳው ሁሉ የሱ ነው። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘው አብረው ይዞራሉ፣ ቆመው፣ በዐይናቸው። የማስረዳው ነገር ፈለግሁ፤ አጣሁ። ሦስተኛውን ዞረ።

ከዚያ ፍጥነቱ ላላ። ጋሼ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ዘረጉለት፤ በአጠገባቸው አልፎ ሄደ። እስከ መግቢያው ሄዶ እትዬ ዘነበች ፊት ቆመና፣ እያለከለከ፣ ጭቃ የሆነውን ጎኑን ካፖርታቸው ላይ ጥሎ ተደገፈ። እትዬ ዘነበች ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ፤ የት እንደሚያሳርፉት ያላወቁ መሰሉ። ነጠላቸውን ከጭቃው ሰበሰቡ። ውሻው አልተንቀሳቀሰም። ትንሽ ቆይተው አንዱን እጃቸውን ዝቅ አድርገው ጭንቅላቱ ላይ አኖሩት፣ ጎንበስ ብለውም ለኛ እንዳይሰማ አድርገው ጠየቁት።

“በቃህ?”